የተኛ ልጅ ይቀሰቅሱ የነበሩት የቦዲል ራንድሩፕ የሕይወት ታሪክ

እህታችን ቦዲል ራንድሩፕ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከክርስቴን ኒሰንና ከእናታቸው ከማሬን በ1935 በኖቬምበር ወር፣ ማዕበሉ የወደቡን ግንብ በናደበት ሳምንት፣ እዚሁ ኖርሆልም ተወለዱ። አዋላጇ ነፋሱ መንገድ ላይ ስላስቀራት እናታችን ብቻዋን ተገላገለች። ይህን ስታወራ፣ «ቶራ ስትወለድ ጮኸች፣ እስከ ዛሬም አላቆመችም፤ ቦዲል ግን ዝም ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ» ትል ነበር። ቶራ እኔ ነኝ፣ ይህን የማነብላችሁ ታላቅ እህታቸው።

ቄሳችን ሄለ ትናንት እቤቴ ድረስ መጥታ አጠር እንዲል፣ የሰው ስምም እንዳላነሳ ለምናኛለች። እሺ ብያታለሁ። በዘጠና አንድ ዓመት ግን ሰው እሺ ያለውን ሁሉ አያስታውስም።

ትምህርት በደረሰ ጊዜ ሁለታችንም እዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ገባን። እኔና ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ በስምምነት ተለያየን፤ እኔም የዓሣ ሆድ ዕቃ ልዘረግፍ ሄድኩ። ቦዲል ግን ቀጠሉ። መምህራቸው አባታችንን አስጠርተው ይህቺን ልጅ ዓሣ ላይ አታባክናት አሏቸው፤ አባታችንም ለዓሣው የሚሆን ሌላ አለኝ ብለው ተስማሙ። የቱን ሌላ እንደሆነ አልጠየቅኩም። በ1954 ወደ ትልቁ ከተማ ሄደው የነርስነት ትምህርት ጀመሩ፤ በ1957 ነጩን ቀሚስ ለብሰው ተመለሱ፤ በከተማችን ሆስፒታል በሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። ከዚያ ክፍል እስከ ጡረታ ድረስ አልወጡም። አንድ ሰው ሊያስወጣቸው ሞክሮ ነበር፣ እደርስበታለሁ።

በ1958 ከብስክሌት ጠጋኙ ከኤይናር ራንድሩፕ ጋር ተጋቡ። ኤይናር መጀመሪያ ዓይኑን የጣለው ሌላ ሴት ላይ ነበር፤ ያቺ ሌላ ሴት ግን ስታንኮራፋ የሚሰማት ስላልፈለገች ለእህቷ ለቀቀችላት። ጥሩ ባል ወጣው፣ ነፍሱን ይማረው። በ1959 ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስሟንም ኪርስተን አሏት።

ኪርስተን እንደ ሁላችንም ልጆች ቀን ቀን ጓሮ፣ የሕፃን ጋሪዋ ውስጥ፣ የላባ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ትተኛ ነበር። ብርድ ልጅ ያጠነክራል፣ የተኛ ልጅ አይነካም፤ እኛም እንደዚያው ነው ያደግነው። አንድ ጠዋት ትንሽ ተነጫነጨችና ተኛች። ከወትሮው ረዘም ያለ እንቅልፍ ነበር። ቦዲል ሄጄ ልያት ብለው ሲነሱ አማታቸው፣ ልጅ በእንቅልፍ ነው የሚያድገው፣ የተኛች ልጅ አትቀስቅሺ፣ አንቺ ነርስ ብትሆኚ እኔ ስድስት አሳድጌያለሁ አሏቸው። ቦዲል ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሴት ናቸው። አማት ተናግራ እንዴት ይደረጋል? ተቀመጡ። በኋላ ሲሄዱ ልጅቷ አልፋለች።

አማትየዋም ሐዘኑ ሳይወጣላቸው ሞቱ፤ እሳቸውን አልወቅስም። ጋሪውን ግን ኤይናር ለመንካት ስላልቻለ ወደ ጣሪያ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። በ1962 ወንድ ልጃቸው ቶርበን ሲወለድ አላወረድነውም። ቶርበን ቤት ውስጥ ተኝቶ ያደገ ብቸኛው የኖርሆልም ልጅ ነው። ጉንፋን የማይለቀው ለዚህ ነው ይሉታል፣ ይበሉት።

አሁን ስለ ሥራቸው። እኔ ዓሣውን ትቼ በሆስፒታሉ ልብስ አጠባ ገብቼ ስለነበር፣ የንጹሕ አንሶላ ጋሪ እየገፋሁ ያልገባሁበት ክፍል፣ ያልሰማሁት ነገር የለም።

ቦዲል የታመመ ሕፃን ሲመጣላቸው ቶሎ አይነኩም። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ ያዩታል። ደረቱ እንዴት ይነሳል? የአፍንጫው ጫፍ ይርገበገባል ወይ? ሰው ሲመጣ ዓይኑ ይከተላል ወይ? ከዚያ እጃቸውን አሽተው ያሞቁና እግሩን ይይዛሉ። ራሱ እየነደደ እግሩ የቀዘቀዘ ልጅ ሲያጋጥማቸው ፊታቸው ይለወጥ ነበር። ደረቱን በጣታቸው ጫን ያደርጉና ለቅቀው የቆዳው መልክ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። እርግብግቢቱን ይዳብሳሉ። በመጨረሻ እናቱን ወትሮስ እንዲህ ነው ወይ ብለው ይጠይቋታል፤ መልሷንም አመላለሷንም ያዳምጣሉ። ዶክተር ብሩን፣ የሕፃናት ክፍሉ ሐኪም፣ ሲስተር ቦዲል ከጠራችኝ ማንኪያዬን ሾርባው ውስጥ ጥዬ ነው የምነሳው ይል ነበር። ሚስቱም ትመሰክራለች፣ ብዙ ሾርባ ቀዝቅዞባታል።

ለተለማማጅ ነርሶች ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚሉት። «የሚጮኸው ትንሽ ይቆይ። ዝም ያለውን አምጪልኝ።»

ይህ ነገር ጠላት አፈራላቸው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሚስት ጆሮውን አሞት የሚያገሳ ልጇን ይዛ እየጠበቀች፣ ከኋላዋ የመጣ ገበሬ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተዘለፈለፈች ልጁን ታቅፎ ቀድሟት ገባ። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ በየቤቱ እየዞረች፣ ሲስተር ቦዲል ጋ ቶሎ መግባት የፈለገ የልጁን አፍ ይያዝ ትል ነበር። ሰው ሳቀ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ስቄያለሁ። የገበሬው ልጅ ግን ዛሬ ከኋላ መደዳ ተቀምጣለች፣ አራት የልጅ ልጆች አሏት።

በ1968 ፌብሩዋሪ፣ ቅዳሜ ቀን፣ የኤይናርን የልደት ኬክ ልንገዛ ሁለታችን ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድን። እንደወትሮው ሕፃናቱ ደጅ በጋሪያቸው ተደርድረው ተኝተዋል፣ እናቶቹ ውስጥ መስኮቱ ዳር ኬካቸውን ይበላሉ። ጫፍ ላይ የቆመው፣ ጎማው እንደ ብር የሚያበራው ጋሪ፣ የላውሪድሰኖች ነበር፤ የዓሣ ፋብሪካው ባለቤት የቪጎና የሚስቱ የኤልሴቤት። ውስጡ ያለው የስምንት ወር ልጃቸው ነው፤ ስሙ የስፐር ይባላል።

ቦዲል ጋሪውን አልፈው ሄዱ። ከዚያ ቆሙ፤ ተመልሰው አንገታቸውን ወደ ጋሪው አስገቡ። ኋላ እንደነገሩኝ ከልጁ ትንፋሽ ጫፍ ላይ ትንሽ ማቃሰት ሰምተው ነው። እኔ የሰማሁት ነፋሱን ብቻ ነው።

የሰው ጋሪ ውስጥ እጅ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለተቀመጣችሁት አልነግርም። የሰው ኪስ ውስጥ እጅ ማስገባት ይሻላል። ስለዚህ እጃቸውን ያዝኩና፣ «ነይ እንጂ፣ ልጁ ተኝቷል» አልኳቸው።

«ይሄ እንቅልፍ አይደለም፣ ቶራ።»

ብርድ ልብሱን ገለጡት። እግሩን ያዙ፤ ጉንጩን መታ መታ አደረጉት፣ አልነቃም። የሱፍ ኮፍያውን አወለቁና እርግብግቢቱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። እኔም አየሁት፤ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ልጁን ከነብርድ ልብሱ አንስተው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ኮፍያው ደረጃው ላይ ወደቀ። ያ ኮፍያ ኋላ ስንት ነገር አመጣ መሰላችሁ።

ኤልሴቤት ክሬሙን ከከንፈሯ ሳትጠርግ ወጣች። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ቆንጆ ጫማ አድርጋለች።

«ልጄን መልሺ! ጠዋቱን ሙሉ ሲነጫነጭ አሁን ነው የተኛልኝ፤ ማነሽ አንቺ የሰው ልጅ የምትቀሰቅሺ?»

«ቀሰቀስኩት፣ አልነቃም» አሉ ቦዲል። «ነይ፣ ሩጪ።»

እሳቸው ልጁን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሮጡ፣ ኤልሴቤት ከኋላ፣ እኔ ቦርሳዎቹን ተሸክሜ ከሁሉም ኋላ። ኬኩ አልተገዛም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ተመለከተን።

ማጅራት ገትር ነበር። ዶክተር ብሩን ከጀርባው ፈሳሽ ሲቀዳ እንደ ቀጠነ ወተት ሆኖ ወጣ። መድኃኒቱ ወዲያው ተጀመረ፤ ልጁም ለሳምንታት ተኝቶ ዳነ። ጆሮው ግን ደነቆረ። እኔ በመተላለፊያው አንሶላ እየገፋሁ ስሄድ ዶክተሩ ለኤልሴቤት እንዲህ ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «መስሚያውን የወሰደው በሽታው ነው። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ የምናወራው ስለ ጆሮ አይሆንም ነበር።» ኤልሴቤትም ራሷን ነቀነቀች። ገብቷታል። አሁንም ገብቷታል።

ከወር በኋላ ከተማው ውስጥ የሚወራው ግን ሌላ ሆነ። ልጁ ደህና ተኝቶ ነበር፤ ያቺ ነርስ በዚያ ብርድ ኮፍያውን አውልቃ በነፋስ ስትሮጥበት ነው ብርዱ ጆሮው የገባው። ይህን ያለችው ኤልሴቤት ናት። ሰዉም ኮፍያውን ደረጃው ላይ ስላየ አመነ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ደግሞ የራሷን ጨመረችበት፤ የራሷ ስለሞተባት ነው የእኛን የምትቀሰቅሰው አለች። ይህቺን ቃል ቦዲል ዳቦ ለመግዛት ተራ ይዘው ቆመው ሰሟት። ዳቧቸውን ተቀብለው፣ አመስግነው ወጡ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያን ዳቦ ቤት ዳቦ አልቀመስኩም። ጥሩ ዳቦ ነበር፤ እስካሁን ያምረኛል።

ስም ወጣላቸው፤ ኮፍያ አውላቂዋ። በመንገዱ ሲያልፉ እናቶች የጋሪውን ክዳን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ቪጎ ላውሪድሰን የሆስፒታሉ ቦርድ ላይ ስለነበረ ከሕፃናት ክፍል እንዲያወጧቸው ጠየቀ። ዶክተር ብሩን እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ ስላለ ተዋቸው። የነርሶች አለቃነቱ፣ የሜትረንነቱ ቦታ ሲከፈት ግን ከሌላ ከተማ ሰው አመጡ፤ ሴትየዋ የነዚህን እናቶች ስም ስትማር ቦዲል ልጆቻቸውን ሁሉ በትንፋሻቸው ያውቁ ነበር። ልክ ነሽ ያላቸው ሰውም ነበረ፤ ቢሮ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ።

ለምን ዝም አሉ ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ውጪና ተናገሪ፣ ካልቻልሽ እኔን አስናግሪኝ፣ ለዚህ ነው የተፈጠርኩት አልኳቸው። የበሽተኛ ነገር ነው ቶራ፣ ከአፌ አይወጣም ብለው ድንቹን መላጥ ቀጠሉ። አንቺም የሰማሽው ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ አንቺም ዝም በይ አሉ። እኔ ሐሜት ቁርሴ የሆነ ሰው፣ ለእሳቸው ብዬ አምሳ አምስት ዓመት በዚህ ጉዳይ ጾምኩ። ከዚህ በላይ ምን ፍቅር አለ?

እነዚያው ክዳን የሚያዞሩት እናቶች ደግሞ፣ ልጃቸው ሲያቃስት፣ ሰው እንዳያያቸው በጓሮ አጥር በኩል እየሾለኩ የቦዲልን የወጥ ቤት በር ይቆረቁሩ ነበር። አንዷንም አልመለሱም። ይሄኛው ቤት ይደር፣ ይሄኛው አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ እያሉ ይለዩላቸዋል። አንድ ቀን የዳቦ ጋጋሪው ሚስት የልጅ ልጇን ታቅፋ መጣች። በሩን ዝጊባት አልኳቸው። ልጁ ምን አደረገ ብለው አስገቧት። በማግሥቱ መንገድ ላይ ሰላም አላለቻቸውም።

የስፐር አደገ። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ሄዶ ተማረ፣ ተመልሶም የጀልባ መሥሪያው ውስጥ ገባ፤ እጁ የተባረከ አናጢ ነው። በ1994 የመጀመሪያ ልጁ ትኩሳት ይዟት እሱም በዚያው በጓሮ መጣ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ቦዲል ልጅቷን አዩ፤ ጉሮሮዋ ነው፣ ደህና ናት። የስፐር ከዚያ እርሳስ አወጣና ወረቀት ላይ ጻፈ፤ አጠገቤ ያለ ሰው የሚሠራውን ላላይ አልችልምና አነበብኩት። «እኔ እንዴት ነው የደነቆርኩት? እናቴ በእርስዎ ነው ትላለች።»

ቦዲል እርሳሱን ተቀበሉት። እኔ በልቤ፣ አሁን ነው፣ ጻፊው፣ ጻፊው እላለሁ። እንዲህ ብለው ጻፉ፤ «በሽታ ነው የወሰደው። እናትህ ያን ቀን እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ሮጣለች።»

በቃ። ሌላ አልጻፉም። የስፐር አንብቦ ሄደ። ለበሽተኛው ለራሱ መንገር አይከለከልም፣ ለምን ስለ ዳቦ ቤቱ አልነገርሽውም፣ ለምን ስለራስሽ አልነገርሽውም ብዬ ጮህኩባቸው።

«እናቱን ምን ላድርግበት?» አሉኝ። «ነርስ ብዙ ነው፣ እናት አንድ ናት።»

በ1999 ጡረታ ወጡ። ሆስፒታሉ አበባ ሰጣቸው፤ ካርዱ ላይ ስማቸው ተሳስቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የሕፃናት ክፍሉ ተዘጋ፤ አሁን የታመመ ልጅ ይዞ ረጅም መንገድ መንዳት ነው፤ በጓሮ የሚኬድበትም የለም። ኤይናር በ2009 አረፈ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ፣ እግራቸው አበጠ፣ ወደ አረጋውያን ቤቱ ገቡ። እዚያም አርፈው አልተቀመጡም፤ ተለማማጆቹን አልጋቸው አጠገብ አቁመው መጀመሪያ እዩኝ፣ ከዚያ ንኩኝ ይሏቸዋል። አንድ ቀን እጄን ይዘው፣ «ቶራ፣ እኔ ስሞትም ዝም እንድትዪ» አሉኝ። ስትሞቺ ምኑን ትሰሚዋለሽ አልኳቸው። ሳቁ። እሺ አላልኩም፤ ይህን ቄሳችንም ልብ ትበልልኝ።

በማርች 3 ቀን 2024 ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ ተረኛዋ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ተቀበለችኝና፣ «ዛሬማ ጥሩ ተኝተዋል፣ ቁርስ ላይ እንኳን አልቀሰቀስናቸውም» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፣ ፈገግ ብላ ነው የነገረችኝ። ገብቼ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ አየሁ። ከዚያ እግራቸውን ያዝኩ። በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው አልፈው ነበር። የከተማውን ልጅ ሁሉ ሲቀሰቅሱ ኖረው፣ እሳቸውን የቀሰቀሰ አልነበረም።

ልጃቸውን ቶርበንን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና እኔን ትተው ሄደዋል። ኪርስተን ቀድማቸዋለች፤ ዛሬ ከእሷ ጎን ያርፋሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከልጃቸው ጋር ያገናኝልን፤ ልጅቷ ተኝታ ከሆነ ደግሞ እንዲቀሰቅሷት ይፍቀድላቸው።

ኤልሴቤት፣ ሦስተኛው መደዳ ላይ ነሽ፣ አይቼሻለሁ። ስለ ዳቦ ቤቱ አልወቅስሽም። የተኛ ልጅ አይነካም ብለን ያሳደግንሽ እኛ ነን፤ እኔም ያን ቀን ነይ እንሂድ ነበር ያልኩት። የምወቅስሽ ከዚያ ወዲህ ስላወራሽው ነው። ከቀብሩ በኋላ በሰበካው አዳራሽ ኬክ አለ፤ አጠገቤ ቦታ እይዝልሻለሁ።

የስፐር፣ እናትህ አጠገብ ተቀምጠሃል። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ሲሰማ አንተ ብቻ አልሰማህም፤ ይህን በወረቀት ያሳተምኩት ለዚህ ነው። አሁን ሁሉም ወደ አንተ ሲዞር ለምን እንደሆነ እጅህ ላይ አለ። ቦዲል የጻፉልህ እውነት ነው፣ እናትህ ያን ቀን ሮጣለች። አንተን ታቅፈው ከፊት የሮጡት ግን እሳቸው ነበሩ።